መሬቱና ብራናው ሳይስማሙ፦ ለሰሜን ሸዋ የምስጢር ልቦለድ መቼት አመራረጥ

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን ላይ ልቦለድ ከሚጽፉ ወጣቶች ጋር ተቀምጠን ነበር። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። አንዷ ደብተሯን ገልጣ፣ «ጋሼ፣ ታሪኩን ጨርሻለሁ፤ ቦታው ብቻ ነው የቀረኝ» አለችኝ። እስቲ ንገሪን አልናት።

አንድ አርኪዮሎጂስት ሲቆፍር አሮጌ ብራና ያገኛል። ብራናው ውስጥ መነኮሳት ለዘመናት የሸሸጉት ነገር አለ። ሰው ይሞታል። ከዚያ ሌላ ሰው ይሞታል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። «የት ነው የሚሆነው?» ስላት፣ «ገዳም ያለበት የትም ይሆናል» አለች።

እዚህ ላይ አልተስማማንም። በእንዲህ ዓይነት ልቦለድ ቦታ በመጨረሻ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። ምስጢሩ ራሱ ቦታው ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ለዚህ የታደለ አገር ነው፤ ግን አንዱ ቦታ ከሌላው በጣም ይለያያል። ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን ትንሽ አስፍቼ ልጻፈው። የምትጽፉ ከሆነ ትመርጡበታላችሁ። አንባቢ ብቻ ከሆናችሁም የሚቀጥለውን የምስጢር መጽሐፍ ስትገዙ መመዘኛ ይሆናችኋል።

መመዘኛዬ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሁለት ምስክር አለው፤ አንዱ የተጻፈው፣ ሌላው የተቀበረው። ሁለቱ አንድ ቃል ከተናገሩ ምስጢር የለም፤ የታሪክ ትምህርት ብቻ ነው። ብራናው አንድ ነገር ብሎ መሬቱ ሌላ የሚልበት ቦታ ፈልጉ። አራት ቦታ አስቤያለሁ።

ደብረ ብርሃን

በከተማዬ ልጀምር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ፤ ከተማዋን የመሠረቷት እሳቸው ናቸው። የስሟን ታሪክ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከሰማይ ብርሃን ወረደ፣ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። በልጅነታችን የተነገረን እዚህ ላይ ያበቃል።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ግን ከብርሃኑ በፊት የሆነ ነገር ይተርካል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አይሰግዱም ተብለውም ተከሰሱ። የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ በመስቀል ዕለት፣ ብርሃኑ ታየ። ቤተ መንግሥቱ ይህን እግዚአብሔር በፍርዱ እንደተደሰተ ምልክት አድርጎ ያዘው።

ደቂቀ እስጢፋኖስ ደግሞ የራሳቸውን ገድል ጻፉ። ዋና ገዳማቸው ትግራይ ውስጥ ጉንዳ ጉንዴ ነበር፤ ብዙ መጻሕፍት እዚያ ተርፈዋል። በነሱ መዝገብ የተወገሩት ሰማዕታት ናቸው፤ ንጉሡ አሳዳጅ ነው። አንድ ዘመን፣ አንድ ደም፣ ሁለት መዝገብ። ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሌላም አለ። ብርሃኑን ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያገናኙ አሉ። ኮከቡ እ.ኤ.አ. በ1456 በእርግጥ ታይቷል። ነገር ግን በጉልህ የታየው በሰኔ ገደማ ነው። ዜና መዋዕሉ ደግሞ መጋቢት ይላል። ቀን ቆጣሪ የሆነ ገጸ ባሕርይ ብትፈጥሩ፣ ለምሳሌ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ፣ እዚህ ክፍተት ውስጥ ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

የቤተ መንግሥቱ አየርም ለምስጢር የተሠራ ይመስላል። ንጉሡ መተት ይፈሩ ነበር። ካህናት በግቢው ውስጥ ሳያቋርጡ ይጸልያሉ፣ ጸበል ይረጫሉ። ሕዝቡ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ እጁ ላይ ሰይጣንን መካዱን የሚናገር ቃል እንዲጽፍ ታዟል። ጣዖት አመለኩ ተብለው የንጉሡ ልጆች ሳይቀሩ ተቀጥተዋል። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠረጥርበት ከተማ ነው። ነፍሰ ገዳይ መፈለግ አይከብድም፤ የሚከብደው ንጹሕ ሰው ማግኘት ነው።

የዚህ ምርጫ ድክመት መሬቱ ነው። ንጉሡ ሲሞቱ ልጃቸው በእደ ማርያም ከተማዋን ትተው እንደ ቀድሞው ከሰፈር ሰፈር መዞር ጀመሩ። ዛሬ ደግሞ ላዩ ላይ ሕንጻው፣ ፋብሪካው፣ አስፋልቱ ተደርቧል። ገጸ ባሕርያችሁ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚቆፍርበት ሁኔታ አይኖርም። እኔ ብሆን ግኝቱን የሕንጻ መሠረት ሲቆፈር አደርገዋለሁ። ኤክስካቫተሩ የተጠረበ ድንጋይ ያወጣል። ኮንትራክተሩ በጊዜ ማስረከብ አለበት። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። የቀን ሠራተኛው ያየውን ያውቃል። ማታ ላይ ድንጋዩ የለም። ይህ ከማንኛውም የተቆለፈ ሣጥን ይሻላል።

ከተማው ከጠበባችሁ ወደ ተጉለት ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ1450 እዚያ በደብረ ምጥማቅ ገዳም ትልቅ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ጥያቄው ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ወይስ አይከበር የሚል ነው። ዛሬ ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን መነኮሳት የተሰደዱበት፣ ገዳማት ለሁለት የተከፈሉበት ጉዳይ ነበር። ከጉባኤው ማግስት ሞቶ የተገኘ አንድ መልእክተኛ ይበቃችኋል።

መንዝ

ልቤ የሚያደላው ወደዚህ ነው፤ አልደብቅም።

መንዝ ውስጥ ሜዳ መካከል የድንጋይ ጉብታ ታያላችሁ። ሩቅ ሆናችሁ ስታዩት ገበሬ ለቅሞ የከመረው ድንጋይ ይመስላል። ቀርባችሁ ስታዩት ግን ትልልቁ ድንጋይ በእጅ የተደረደረ ነው። እኔ ያየሁትን ጉብታ ገበሬው ዙሪያውን አርሶታል፤ ጤፉ እስከ ድንጋዩ ጠርዝ ደርሷል፣ ጉብታው ላይ ግን ማረሻ አላረፈም። ለምን እንደተወው ጠየቅሁት። «አባቴም አልነካው» አለኝ። መልሱ ይኸው ብቻ ነበር።

ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች እንዲህ ያሉ ጉብታዎችን በመንዝና በአካባቢው አጥንተዋል፤ መሻለ ማርያም ላይም ቆፍረዋል። ያገኙትን የሻይ ባህል ብለው ሰየሙት፤ ሻይ የወንዝ ስም ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ውስጡ መቃብር ነው። ሸክላ አለ፣ ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ የመስታወት ዶቃ አለ። ሟቾቹ የተቀበሩት በክርስትናም በእስልምናም ሥርዓት አይደለም። ሀብታሞች ነበሩ፤ ለመቃብራቸው ብዙ ጉልበት የሚያዙ ሰዎች።

አሁን ዘመኑን ልብ በሉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሸዋ ላይ ያስተማሩት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይኼ ማለት የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ዳዊት ሲደግሙ እነዚህ መቃብሮች ገና ይሠራሉ፣ ገና ይዘጋሉ። ገድሉ በዘመኑ የነበሩትን አረማውያን ጠንቋይና ጣዖት አምላኪ ብሎ ያልፋቸዋል። የጉብታዎቹ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ የጻፉበት አንድ ብራና የለም። ቃላቸው ዶቃ ነው። ቃላቸው ድንጋይ ነው።

ብራናው ብዙ የሚያወራበት፣ መሬቱም ሌላ የሚያወራበት ቦታ ማለት ይኸው ነው። አንድ መነኩሴ እናቱ ጉብታ ውስጥ ብትቀበርስ? ምንኩስናውን ተቀብሎ ሌሊት ሌሊት ወደ መቃብሯ ቢሄድስ? ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ የመስታወት ዶቃ ከመነኩሴ አጥንት አጠገብ ቢገኝስ? የገዳም ምስጢር ሲባል ሁሉም ወርቅና የተደበቀ መጽሐፍ ያስባል። እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ ይኼኛው ነው።

መንዝን የሚመርጥ ጸሐፊ ግን የሚሠራው ሥራ አለ። የተጻፈ ምንጭ ስለሌለ የገጸ ባሕርያቱን ቋንቋ፣ ጸሎት፣ ስም ራሱ መፍጠር አለበት። ይኼ ነፃነት ነው፤ ያስፈራልም። ማላገጥ ይቀላል። ሰው የሚያርዱ አረመኔዎች አድርጎ መሳል ይቀላል። እባካችሁ እንዳታደርጉት። በዚያ ቆላና ደጋ የኖሩ የእኛው ቅድመ አያቶች ናቸው።

አየሩን ለመጻፍ ደግሞ ሄዳችሁ እደሩ። ባና ውስጥ ተጠቅልላችሁ፣ ጓሳው ላይ ውርጭ ሲያብለጨልጭ ጠዋት ካላያችሁ የመንዝን ብርድ በወሬ አትጽፉትም።

ኢፋት

ከደብረ ሲና ጀምሮ ቁልቁል ስትወርዱ ጋቢው ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሸሚዝም ይከብዳል። በዚህ ገደል ጫፍና ሥር የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ አለ። ኖራ አንዷ ናት፤ የድንጋይ መስጊዷ ግድግዳ አሁንም ቆሟል። የኢፋት ሱልጣኖች፣ የወላስማ ቤተሰብ፣ መቃብራቸው በዐረብኛ ከተጻፈ ድንጋይ ጋር ተገኝቷል። አፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 የዘመቱት በዚህ ወገን ላይ ነበር።

ለአርኪዮሎጂው ከአራቱም ቦታ ይኼ ይበልጣል። ግድግዳው ይታያል፣ ጽሑፉ ይነበባል፣ ዘመኑ ይታወቃል። የገዳሙ ወገን ግን ይሳሳል። መነኩሴውን ወደ ኢፋት የምታመጡበት ምክንያት ያስፈልጋችኋል። ምርኮኛ፣ ነጋዴ ለብሶ የመጣ ሰላይ ወይም ደብዳቤ የያዘ ሰው ሊሆን ይችላል። ዐረብኛ የምታነቡ ከሆነና የአርጎባን ሰፈሮች የምታውቁ ከሆነ አያምልጣችሁ። ካልሆነ ግን ለሁለተኛ መጽሐፋችሁ አቆዩት።

ደብረ ሊባኖስ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። ይገባዋልም። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገደሉ፣ ዋሻው፣ ጸበሉ ሁሉ አለ። በመጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ሴት መነኮሳትም ስላሉ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሴት እንድትሆን የሚፈልግ ጸሐፊ በሩ አይዘጋበትም።

የብራናው ወገን እጅግ ሀብታም ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል አንድ ብቻ አይደለም። የዋልድባ ቅጂ አለ፣ የደብረ ሊባኖስ ቅጂ አለ፤ አንዱ የሚተርከውን ሌላው ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ የረዷቸው ማን ናቸው ለሚለውም የሐይቅ ገዳም ወገን አባ ኢየሱስ ሞዓን ይላል፣ የደብረ ሊባኖስ ወገን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ይላል። የተቀየረ አንድ የብራና ቅጠል ስንት ርስት እንደሚያንቀሳቅስ አስቡት። አፄ ዓምደ ጽዮን በጋብቻቸው ምክንያት ከገሠጿቸው መነኮሳት ጋር ተጣልተው፣ የደብረ አስቦውን አባ ፊልጶስን ጭምር አሰደዋል። በግራኝ ዘመን ገዳሙ ተቃጠለ። በኋላ የእጨጌው፣ የገዳሙ አለቃ፣ መንበር ጎንደር አዘዞ ሆነ። መጻሕፍቱስ? ማን ይዞ ወጣ? የት አደረሳቸው? የደራሲ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው።

መሬቱ ግን ቁስል ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ፍልሰት ማግስት፣ ግንቦት 13 ቀን፣ የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱንና ምእመናኑን በጭነት መኪና ወስዶ ረሸናቸው። ዲያቆናቱ ከቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተገደሉ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያመኑት 449 ሰው ነው፤ ኋላ የተጠና ቁጥር ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ይደርሳል። አያታቸውን እዚያ ያጡ ሰዎች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ።

ስለዚህ ደብረ ሊባኖስን ከመረጣችሁ ቁፋሮውን አስቡበት። አጥንት ስታወጡ የማን አጥንት ነው? የመካከለኛው ዘመን መነኩሴ እየፈለጋችሁ የ1929 ሟች ብታገኙ ታሪኩ ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ልቦለድ ከሆነ ከሁሉም ይበልጣል። ለማድመቂያ ብቻ ከሆነ ግን አትንኩት።

ፍንጩ ምን ይሁን?

ቦታ ከተመረጠ በኋላ ክርክሩ ፍንጩ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ የተደበቀ ካርታ ያስቀምጣል። የእኛ ብራና ግን ካርታ ሳይሳልበት ራሱ ፍንጭ ነው።

ልጅ ሆኜ ቄሰ ገበዙ አንድ ዳዊት ከማኅደሩ አውጥተው ሲያሳዩን አስታውሳለሁ። ቆዳው ጢስ ጢስ ይሸታል። መጀመሪያው ቅጠል ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ቦታ ተፍቆ ነጥቷል፤ ላዩ ላይ በሌላ እጅ፣ በወፍራም ቀለም ሌላ ስም ተጽፏል። ከሥሩ ግን እርግማኑ እንዳለ ነው፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ስሙን የፋቀው ሰው ያንን አንብቧል። አንብቦም ፍቋል። ምን ቢደርስበት ነው? እስከ ዛሬ ያ ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም።

የተፋቀ ስም ለደብረ ብርሃንና ለደብረ ሊባኖስ ይስማማል። ዛሬ በልዩ ብርሃን ፎቶ አንስቶ የተፋቀን ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል፤ ስለዚህ የዘመኑ ገጸ ባሕርያችሁ ሥራ ያገኛል። ዶቃና ሸክላ ለመንዝ ናቸው። የተቀረጸ ድንጋይ ለኢፋት። ቅኔ ደግሞ ለሁሉም ይሆናል። ሰሙን ሁሉም ሰምቶት ወርቁን አንድ ሰው ብቻ የሚፈታው ቅኔ ከየትኛውም የምስጢር ቁልፍ ይሻላል። ብቻ ቅኔውን የቅኔ ሰው ይቁጠርላችሁ፤ ቤት የሰበረ ቅኔ ያስቀመጠ መጽሐፍ ከአብነት ተማሪ እጅ አይተርፍም።

ካርበን 14 የሚባለውን የዕድሜ መለኪያ የምታስገቡ ከሆነ ሁለት ነገር ጠብቁ። ውጤቱ በዚያው ቀን አይመጣም፤ ናሙናው ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ተልኮ ይጠበቃል። የሚነግራችሁም ቆዳው ብራና የሆነው ፍየል የሞተበትን ዘመን እንጂ የተጻፈበትን ቀን አይደለም፤ እሱም በአሥርት ዓመታት ስፋት ነው። አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ውሸት መጻፍ ይቻላል። ይኼን የሚያውቅ ወንጀለኛ ጎበዝ ወንጀለኛ ነው።

መርማሪው ማን ይሁን ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ከውጭ የመጣ ፕሮፌሰር ብቻውን አይሁን። የገዳሙን ዕቃ ቤት የሚከፍተው በቄሰ ገበዙ ፈቃድ ነው፤ ግዕዙን የሚያነብለት ዲያቆን ነው፤ የት እንደሚቆፈር የሚያሳየው እረኛ ነው። የግንበኛ ማንኪያና ብሩሽ ይዞ መሬት ላይ የሚንበረከከው የሰፈር ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያያል። ከነዚህ አንዱን ዋና አድርጉት።

ስለዚህ፦ የንጉሥና የመነኩሴ ግጭት ለሚስበው ደብረ ብርሃን። ግድግዳና ጽሑፍ በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ኢፋት። ታሪኩን ከሐዘን ጋር ለመሸከም የተዘጋጀ ደብረ ሊባኖስ። ያልተጻፉ ሰዎችን ለመጻፍ የደፈረ መንዝ።

ያቺ ልጅ ያን ቀን ምንም ሳትወስን ሄደች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሆና ደወለችልኝ። ንፋሱ ድምፅዋን ይቆርጠዋል። ጉብታ አጠገብ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ አሮጊቷን ጠየቅኋቸው» አለችኝ፤ «እዚህ ጋ ሲያልፉ ለምን ነጠላቸውን እንደሚያጣፉ።»

«ምን አሉሽ?»

«እንጃ ልጄ፤ እናቴ ስታደርግ አይቼ ነው አሉኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።»